የዘረመል ምርመራ ውጤትና ቤተሰብ፦ የታካሚው ፈቃድ እስከ የት ይደርሳል?

አንድ ሰው የወባ ምርመራ አድርጎ ውጤቱ ቢነገረው ጉዳዩ በእርሱና በሐኪሙ መካከል ያልቃል፤ ውጤቱ ስለ እህቱ ደም የሚናገረው ነገር የለም። የዘረመል ወይም በተለምዶ የጂን ምርመራ የምንለው ግን በዚህ ረገድ ከሌሎቹ የላቦራቶሪ ምርመራዎች ይለያል። ደሙ የተቀዳው ከአንድ ሰው ክንድ ቢሆንም ውጤቱ ስለ ወላጆቹ፣ ስለ ወንድሞቹና እህቶቹ፣ ስለ ልጆቹ፣ አልፎ ተርፎም ስለ አጎትና አክስት ልጆች ይናገራል። እነርሱ ግን ወደ ክሊኒኩ አልመጡም፤ አልተጠየቁም፤ ፈቃዳቸውንም አልሰጡም።

ታካሚው «ለማንም እንዳይነገርብኝ» ቢል፣ ሐኪሙ ደግሞ የታካሚው እህት ሳታውቀው ለከባድ በሽታ የተጋለጠች ልትሆን እንደምትችልና ቀድማ ብታውቅ ልትድን እንደምትችል ቢረዳ ምን ማድረግ ይገባዋል? የሕክምና ሙያ ከጥንት ጀምሮ ምስጢርን መጠበቅ ግዴታው ነው። ጉዳት እንዳይደርስ መከላከልም ግዴታው ነው። ሁለቱ ግዴታዎች ፊት ለፊት የሚጋጠሙበት ስፍራ ይህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጥያቄው ክብደት እንደ በሽታው ዓይነት ይለያያል። በ1994 እና በ1995 የተለዩት ቢ.አር.ሲ.ኤ. 1 እና ቢ.አር.ሲ.ኤ. 2 የተባሉት ዘረመሎች ጎጂ ለውጥ ሲኖርባቸው፣ አንዲት ሴት እስከ 80 ዓመት ዕድሜዋ ድረስ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ወደ 70 በመቶ ይደርሳል። በእንቁላል ዕጢ ካንሰር የመያዝ ዕድሏም ከሌላው ሴት እጅግ ከፍ ያለ ነው። ለዚህ ግን በየጊዜው የሚደረግ ክትትልና እንደ ምርጫዋ የሚደረግ መከላከያ ቀዶ ሕክምና አለ። በትልቁ አንጀት ውስጥ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ፖሊፖችን የሚያበቅለው የዘር በሽታ ካልታከመ ወደ ካንሰር መለወጡ አይቀሬ ነው ማለት ይቻላል፤ በመሆኑም የቤተሰቡ ልጆች ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ ክትትል መጀመር አለባቸው። አንድ ዓይነት የታይሮይድ ዕጢ ካንሰርም እንዲሁ በቤተሰብ ይተላለፋል፤ ለውጡን የወረሰው ሕፃን ካንሰሩ ሳይጀምረው ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሊወጣለት ይችላል። በእነዚህ ሁሉ መረጃው ሕይወት ያድናል። በሌላው ጫፍ ደግሞ መድኃኒት ያልተገኘለት፣ መከላከያም የሌለው በሽታ አለ። በዓለም ላይ ብዙ ያነጋገረው የፍርድ ቤት ጉዳይ የተነሣው ከዚህኛው ወገን ነው።

የለንደኑ ክርክር

የሃንቲንግተን በሽታ የአንጎል በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ባለው ዕድሜ ውስጥ ይጀምርና የሰውነት እንቅስቃሴን፣ አስተሳሰብንና ጠባይን እያበላሸ ከዓመታት በኋላ ለሞት ያበቃል። መንስኤው በአራተኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ የአንድ ዘረመል ለውጥ መሆኑ በ1993 ታውቋል። በሽታው ያለበት ሰው ልጆች እያንዳንዳቸው የመውረስ ዕድላቸው ሃምሳ በመቶ ነው፤ ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ እንደ መጠበቅ ይቆጠራል።

በ2007 በእንግሊዝ አገር አንድ ሰው ሚስቱን ገደለ። ፍርድ ቤቱ የአእምሮው ሁኔታ የተዛባ መሆኑን ተቀብሎ ወደ ሕክምና ተቋም እንዲገባ ወሰነ። በዚያ ሲታከም ሐኪሞቹ ሃንቲንግተንን ጠረጠሩ፤ በ2009 መገባደጃም በምርመራ ተረጋገጠ። ሰውየው ሴቶች ልጆች ነበሩት። ከመካከላቸው አንዷ በዚያው ወቅት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከአባቷ ጋር ተቋሙ ባዘጋጀው የቤተሰብ የምክር ሕክምና ላይም ትካፈል ነበር። ሐኪሞቹ ለልጆቹ እንዲነገር አባትየውን ጠየቁት። እርሱ ግን ይረበሻሉ፣ ራሳቸውን ያጠፋሉ፣ ወይም ፅንሱን ያስወርዳሉ ብሎ ሰጋ፤ አልፈቀደም። ሐኪሞቹ ተመካከሩ፣ ተከራከሩ፤ በመጨረሻም ምስጢሩን ጠበቁ።

ሴትዮዋ በሚያዝያ 2010 ወለደች። በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ ከአባቷ ሐኪሞች አንዱ ሳያስበው ነገራት። በ2013 ተመርምራ እርሷም ለውጡን እንደ ወረሰች አረጋገጠች። ማንነቷ እንዳይታወቅ «ኤ.ቢ.ሲ.» በሚል ስያሜ ክስ አቀረበች። ክርክሯ በአጭሩ ይህ ነበር፦ ቢነገረኝ ኖሮ እመረመር ነበር፤ ውጤቱን ባውቅ ደግሞ ፅንሱን አልቀጥልም ነበር።

በ2015 የመጀመሪያው ዳኛ ክሱን ሊሰማ የሚገባው አይደለም ብለው ዘጉት። በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ያንን ሽሮ ጉዳዩ በሙሉ እንዲሰማ አዘዘ። በየካቲት 2020 ዳኛ ይፕ ፍርዳቸውን ሰጡ፤ ሴትዮዋም ተረታች። የፍርዱ ቁም ነገር ግን ማን ረታ በሚለው ላይ አይደለም። ዳኛዋ ሐኪሞቹ የታካሚያቸውን ምስጢር የመጠበቅ ጥቅም፣ የሴትዮዋን የማወቅ ጥቅምና ምስጢር ጠባቂነት ለኅብረተሰቡ ያለውን ፋይዳ በሚዛን አስቀምጠው የማመዛዘን ሕጋዊ ግዴታ ነበረባቸው አሉ። ይህን ግዴታ ካመጡት ነገሮች አንዱ ሴትዮዋ በቤተሰብ ሕክምናው ላይ ተካፋይ መሆኗና ሐኪሞቹ በቅርብ ያውቋት የነበረ መሆኑ ነው። ሐኪሞቹ አመዛዝነዋል፤ የደረሱበት ውሳኔም ኃላፊነት የሚሰማቸው ባለሙያዎች ሊደርሱበት ከሚችሉት ውጭ አይደለም። ቢነገራት ኖሮ ፅንሱን ታቋርጥ ነበር የሚለውም አልተረጋገጠም። ስለዚህ ክሱ ውድቅ ሆነ።

ከፍርዱ የምንረዳው ሐኪም ሁሉ ለዘመድ አዝማድ የመናገር ግዴታ እንደሌለበት ነው፤ «ታካሚው እምቢ ብሏል» ብሎ መዝገቡን መዝጋትም አይበቃም። የተመዘነውን፣ የተመካከሩበትንና የተወሰነበትን ምክንያት ጽፎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በእኔ አስተያየት ከፍርዱ ሁሉ በየዕለቱ ሥራችን የሚጠቅመን ይህ ነው።

ምስጢሩ የማን ነው?

በዚህ ላይ ሁለት አመለካከቶች አሉ። አንደኛው የዘረመል ውጤትን እንደ ማናቸውም የሕክምና መረጃ የታካሚው የግል ንብረት አድርጎ ያያል። ሁለተኛውን ፓርከርና ሉካሰን የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች በ2004 በብሪታንያ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ በባንክ ሒሳብ መስለው አቅርበውታል። መረጃው በአንድ ሰው ስም የተከፈተ ሒሳብ ሳይሆን በጋራ የተከፈተ ነው፤ ከባለ ሒሳቦቹ አንዱ ሌላውን ከልክሎ ብቻውን ሊያዝበት አይገባም ይላሉ።

ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንድ ልዩነት ማድረግ የግድ ይላል። «እገሊት ካንሰር ይዟታል» የሚለው መረጃ የእገሊት ብቻ ነው። «በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ይህን የመሰለ የዘረመል ለውጥ አለ» የሚለው ግን የቤተሰቡ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ያለ መጀመሪያው መናገር ይቻላል። ቤተሰቡ ትንሽ ከሆነና የታመመውም ማን እንደ ሆነ የታወቀ ከሆነ ግን መለያየቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል፤ ሦስት ወንድማማቾች ባሉበት ቤት ስም አለመጥራት ብዙ አይሸፍንም።

አገሮች ጥያቄውን በየራሳቸው መንገድ መልሰውታል። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1995፣ የታይሮይድ ካንሰር ባለባት እናትና በኋላ ያው በሽታ በተገኘባት ልጇ ጉዳይ፣ ሐኪሙ በሽታው በዘር እንደሚተላለፍ የማስጠንቀቅ ግዴታ እንዳለበት፣ ይህንንም ለታካሚዋ ለራሷ በመንገር እንደሚወጣ ወሰነ። በዓመቱ የኒው ጀርሲ የይግባኝ ፍርድ ቤት ከዚያ አልፎ ሄደ። የአንጀት ፖሊፕ በሽታ የነበረበት ሰው በ1964 ሞቶ ነበር፤ ልጁ በ1990 ያው በሽታ ተገኘባት። ፍርድ ቤቱ ለታካሚው መንገር በሁሉም ሁኔታ ላይበቃ ይችላል፤ ማስጠንቀቂያው ለአደጋ የተጋለጡት ዘንድ እንዲደርስ ተገቢ እርምጃ መውሰድ ያሻል አለ። የአሜሪካ የሰው ዘረመል ማኅበር በ1998 ባወጣው መግለጫ መካከለኛውን መንገድ መረጠ። በመግለጫው መሠረት ሐኪሙ ያለ ፈቃድ ሊናገር የሚችለው ታካሚውን የማግባባቱ ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር፣ ጉዳቱ ከባድና ሊደርስ የሚችልበት ዕድል ከፍተኛ ሲሆን፣ ተጋላጩ ዘመድ ማን እንደ ሆነ ሲታወቅ፣ በሽታውም የሚከላከሉት ወይም የሚታከም ሲሆን ብቻ ነው። ይህ ፈቃድ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ሃንቲንግተን በዚህ መስፈርት እንደማያልፍ ልብ ይሏል።

አውስትራሊያ በ2006 ሕጓን አሻሽላ፣ የዘመድን ሕይወት ወይም ጤና ከከባድ አደጋ ለማዳን ሲባል ያለ ታካሚው ፈቃድ መግለጽን ፈቀደች፤ አፈጻጸሙን የሚመራ መመሪያም በ2009 ወጣ። እስራኤል በ2000 ባወጣችው የዘረመል መረጃ ሕግ፣ ታካሚው እምቢ ሲል ሐኪሙ በራሱ ሥልጣን ከመናገር ይልቅ ጉዳዩ በሥነ ምግባር ኮሚቴ እንዲታይ አድርጋለች። በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም የሚተዳደሩት በዚሁ ነው።

የፈረንሳዩ ሕግ ግን ከሁሉም ይለያል። በ2011 በተሻሻለው የባዮኤቲክስ ሕግ መሠረት፣ መከላከያ ወይም ሕክምና ላለው ከባድ የዘረመል ችግር፣ ዘመዶቹን የማሳወቅ ግዴታ ያለበት ሐኪሙ ሳይሆን ተመርማሪው ራሱ ነው። ራሱ መናገር ካልፈለገ ሐኪሙ እንዲያሳውቅለት በጽሑፍ ሊጠይቅ ይችላል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ለዘመዶቹ ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው የታካሚውን ስም አይጠቅስም፤ የበሽታውንም ስም አይጠቅስም። የሚለው «እርስዎን ሊመለከት የሚችል የቤተሰብ የሕክምና መረጃ አለ፤ የዘረመል ሐኪም ያማክሩ» ብቻ ነው። የሕጉን ጥንቃቄ አደንቃለሁ። ሆኖም ይህን የመሰለ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቶ፣ በማግስቱ ዘመዶቹን ሁሉ ስልክ እየደወለ «ማን ነው የታመመው?» ማለቱ አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

ማወቅ የማይፈልግ ዘመድ

ስለ ዘመዶች የማወቅ መብት ስንናገር ያለ ማወቅ መብታቸውን መርሳት ቀላል ነው። ዩኔስኮ በ1997 ያወጣው የሰው ዘረመልን የሚመለከት ዓለም አቀፍ መግለጫ ማንም ሰው የምርመራው ውጤት እንዲነገረው ወይም እንዳይነገረው የመወሰን መብቱ እንዲከበር ይደነግጋል። የሃንቲንግተን ልምድ ይህ መብት ከወረቀት ያለፈ መሆኑን ያሳያል፤ ምርመራው ለዓመታት ሲሰጥ ቆይቶም ለአደጋ ከተጋለጡት ሰዎች የሚመረመሩት ጥቂቶቹ ናቸው። ብዙዎቹ ሳያውቁ መኖርን መርጠዋል፤ ይህም ፍርሃት ብቻ አይደለም። መድኃኒት ለሌለው በሽታ ቀኑን አስቀድሞ ማወቅ ለሁሉም ሰው ጥቅም አይደለም።

ችግሩ አንድን ሰው «ማወቅ ትፈልጋለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ግማሹን መንገር መሆኑ ነው። ስለዚህ አቀራረቡ በደረጃ መሆን አለበት። መጀመሪያ በቤተሰቡ ውስጥ በሐኪም ሊታይ የሚገባው ነገር መኖሩ፣ ቀጥሎ የበሽታው ዓይነት፣ ከዚያም እርሱ ሲፈቅድ ብቻ ምርመራው። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው የዘመዱ የራሱ ጥያቄ እንጂ የሐኪሙ ወይም የታማሚው ችኮላ ሊሆን አይገባም። ለሕፃናትም እንዲሁ ነው። በልጅነት የሚከላከሉት በሽታ ከሆነ ልጁ ይመረመራል፤ በአዋቂነት ብቻ ለሚመጣና አሁን ምንም ሊደረግለት ለማይችል በሽታ ግን፣ ወላጅ አጥብቆ ቢለምን እንኳ፣ ልጁ አድጎ ራሱ እስኪወስን መጠበቅ በሙያው ዘንድ ተቀባይነት ያገኘ ሥርዓት ነው።

በእኛ ቤት

ከላይ የተነሣው ክርክር ሁሉ ታካሚው አውቆ ቤተሰቡ ያላወቀበትን ሁኔታ የሚመለከት ነው። የእኛ ልማድ ብዙውን ጊዜ በተቃራኒው ነው። የከባድ በሽታ ወሬ መጀመሪያ የሚነገረው ለቤተሰቡ ነው፤ ታማሚው እንዳይደነግጥ ይደበቅበታል። የሞት መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ በማለዳ ይነገራል እንጂ በድንገት አይወረወርም። የሕክምና አንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ የውብዳር በየነ በ1992 በዌስተርን ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በአሜሪካ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ክፉ ዜና በቀጥታ በሐኪም ሲነገራቸው እንዴት እንደሚጎዱና ዜናው በቤተሰብ በኩል እንዲደርስ እንደሚጠብቁ አስረድተዋል።

ይህ ልማድ ለዘረመል ምርመራ ሁለት ነገር ያመጣል። ደግነቱ፣ ቤተሰቡ ዜናን ተሸክሞ ለሰው በሚገባ መልክ የማድረስ የቆየ ጥበብ አለው፤ ይህን ጥበብ የፈረንሳይ ሕግ በደብዳቤ ሊተካው አይችልም። አደጋው ደግሞ ታላቅ ወንድም ወይም ልጅ ከሐኪሙ ጋር በኮሪደር ላይ ተነጋግሮ፣ ውጤቱ ታማሚዋ ሳታውቀው በዘመድ መካከል እንዲዳረስ ማድረጉ ነው። ያን ጊዜ የታካሚዋ ፈቃድ ጨርሶ አልተጠየቀም። አንድ ወንድም ስለ እህቱ ሕመም ስለ ጠየቀ ብቻ የእርሷን ውጤት የማወቅ መብት የለውም፤ ቢጨነቅም፣ የሕክምናውን ወጪ የከፈለው እርሱ ቢሆንም። ሊጠየቅ የሚገባው «ለቤተሰቤ ማን ይንገርልኝ?» የሚለው ነው፤ መልሱም ከእርሷ መምጣት አለበት።

ሌላም አለ። በአገራችን ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ይህ ለዘረመል ሐኪም በረከት ነው፤ የቤተሰብ ሐረግ ለመሣል ስንቀመጥ፣ በሌላ አገር ሐኪሙ በብዙ ልፋት የሚያገኘውን አንዲት አያት ሳትቸገር ትቆጥርልናለች። ያው ቆጠራ ግን «የዚያ ቤት ዘር በሽታ አለበት» ከተባለ ልጃገረዶችን ያለ ትዳር የሚያስቀርም ነው።

ለዚህ በሕዝብ ዘንድ ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት፣ በተለይም ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው ዓይነቱ፣ ጥሩ ምሳሌ ነው። በሽታው ከእሳተ ገሞራ በመነጨ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር በመሄድ ይመጣል። ይሁንና በአንድ አፈር ላይ ከሚሄዱት ሁሉ የሚታመሙት የተወሰኑት ብቻ ናቸው። በ2007 በኢትዮጵያ ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት በሽታው በዘር የሚወረስ ድርሻው 63 በመቶ እንደ ሆነ፣ የታማሚ ወንድም ወይም እህትም ከሌላው ሰው አምስት ጊዜ ያህል ይበልጥ የተጋለጡ እንደ ሆኑ ገምቷል። በ2012 ደግሞ ኤች.ኤል.ኤ. ከሚባሉት የሰውነት መከላከያ ዘረመሎች ጋር ያለው ግንኙነት ታይቷል። ይህ የኋለኛው ጥናት ከመካሄዱ በፊት በወላይታ የኅብረተሰቡን አስተያየት ለማወቅ ፈጣን የሥነ ምግባር ዳሰሳ ተደርጎ ነበር። በ2009 የታተመው ይህ ዳሰሳ የዘረመል ጥናት በታማሚዎቹ ላይ ያለውን መገለል ያባብሳል የሚል ስጋት እንዳለ አሳይቷል። ስጋቱ ትክክል ነበር። «በዘራችሁ አለ» የሚለው ቃል «ስለዚህ ልጆቻችሁን ከሕፃንነት ጀምሮ ጫማ አልብሱ» በሚለው ካልተከተለ ቤተሰቡ የሚሰማው ፍርድ እንጂ ምክር አይደለም። በዚህ በሽታ እንደ ዘረመሉ ሁሉ ጫማም ዕጣ ፈንታን ይወስናል፤ ዘረመሉን መለወጥ አይቻልም፣ ጫማ ማድረግ ግን ይቻላል።

ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) በአንቀጽ 399 ሐኪሞችን ጨምሮ በሙያቸው ያወቁትን ምስጢር የገለጡ ሰዎችን ይቀጣል፤ ባለ ምስጢሩ በግልጽ የፈቀደ እንደ ሆነ ግን መግለጹ አያስቀጣም። የግል መረጃን ስለ መጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጥበቃውን አጠናክሮታል። ስለዚህ በአገራችን ያለ ሐኪም የሚሠራበት አስተማማኝ በር አንድ ነው፤ እርሱም የታካሚው ግልጽ፣ በተለይም በጽሑፍ የሰፈረ፣ ፈቃድ ነው።

ደሙ ሳይቀዳ

በሥራ ላይ የምናየው ችግር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ታካሚው ፈርጠም ብሎ «አልናገርም» የሚልበት አይደለም። ያ እምብዛም አያጋጥምም። የሚያጋጥመው ታካሚዋ «እነግራቸዋለሁ» ብላ ሳትነግራቸው መቅረቷ ነው። አንዱ ወንድም ከውርስ ክርክር ወዲህ አያናግራትም፤ ሌላው በቤይሩት ነው፤ እናቷ ታማሚ ናት፣ አትሸከመውም፤ ዘረመል የሚለውን ቃል ራሱ ለማስረዳት አቅም አጥታለች። ወራት ያልፋሉ፣ ዓመት ይሆናል። ለዚህ መፍትሔው ሕግ ሳይሆን ዝግጅት ነው፤ ዝግጅቱም የሚጀመረው ደሙ ሳይቀዳ ነው።

የፈቃድ ቅጹ ላይ ከመፈረሟ በፊት ሐኪሙ ውጤቱ ለማን ለማን ሊጠቅም እንደሚችል ከእርሷ ጋር ስም በስም መነጋገር አለበት። «ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ለእህትዎ ማን ይነግራቸዋል? እርስዎ ይነግሯቸዋል፣ ወይስ እኔ ደብዳቤ ልጻፍልዎት? ስምዎን ልጥቀስ ወይስ አልጥቀስ? እግዚአብሔር አያድርገውና አንድ ነገር ቢሆኑ፣ ውጤቱን ለልጆችዎ እንድሰጥ ይፈቅዳሉ?» የመጨረሻው ጥያቄ ለመጠየቅ ያስፈራል፤ ብዙዎቻችን እንዘለዋለን። ሆኖም የካንሰር ታካሚ ከሞተች በኋላ ልጇ መጥታ «እናቴ የተመረመረችው ምን ነበር?» ስትል፣ ለሐኪሙም ለልጂቱም መልስ የሚሆነው ያን ዕለት የተፈረመው ወረቀት ነው። በዚሁ ውይይት ምርመራው ያልታሰበ ነገር፣ ለምሳሌ አባት የተባለው ሰው ወላጅ አባት አለመሆኑን፣ ሊያጋልጥ እንደሚችልና እንዲህ ያለው ግኝት እንደማይነገር አስቀድሞ መስማማት ይገባል።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖች ተጨማሪ ጉዳይ አለ። በአሜሪካ በ2008 የወጣው የዘረመል መረጃ መድልዎን የሚከለክለው ሕግ የጤና ኢንሹራንስ ድርጅቶችና አሠሪዎች ይህን መረጃ ለጉዳት እንዳይጠቀሙበት ይከለክላል፤ የሕይወት፣ የአካል ጉዳትና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስን ግን አያካትትም። በዚያው የሚኖር ዘመድ ለመመርመር ከመወሰኑ በፊት ይህን ማወቅ ይኖርበታል።

ውጤቱ ራሱም ሁልጊዜ «አለ» ወይም «የለም» አይደለም። ትርጉሙ ገና ያልታወቀ ለውጥ የሚባል ሦስተኛ መልስ አለ። የመረጃ ቋቶቹ በአብዛኛው ከአውሮፓ ዝርያ በመጡ ሰዎች ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው፣ ይህ መልስ ለአፍሪካውያን ይበልጥ ይደጋገማል። በእንዲህ ያለ ውጤት ዘመድን መቀስቀስ፣ ይልቁንም ቀዶ ሕክምና ማሰብ፣ ስሕተት ነው። ለቤተሰብ የሚነገረው በሽታ አምጪነቱ የተረጋገጠ ለውጥ ብቻ ነው። ላቦራቶሪዎች ትርጉሙን በየጊዜው ስለሚያሻሽሉም ታካሚዋ ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ተመልሳ እንድትጠይቅ መንገር ይጠቅማል።

ውጤቱ ከተረጋገጠ በኋላ ታካሚዋ ለዘመዶቿ የምትልከውን ደብዳቤ ከሐኪሟ ጋር ሆና ብትጽፈው መልካም ነው፤ ዘመዶቿ በሚገባቸው ቋንቋ፣ እንደ ቤተሰብ ደብዳቤ እንጂ እንደ ላቦራቶሪ ዘገባ ሳይሆን። ለምሳሌ ቢ.አር.ሲ.ኤ. 2 የተገኘባት እህት በጎንደር ለሚኖር ወንድሟ እንዲህ ልትጽፍ ትችላለች፦

«ወንድም ዓለሜ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ሕክምናዬን ጨርሼ ደህና ነኝ። ሐኪሞቼ የጡት ካንሰሩ ለምን እንደ መጣብኝ ሲመረምሩ በቤተሰባችን ሊወረስ የሚችል ነገር አግኝተዋል። ይህ አንተ ታመሃል ማለት አይደለም፤ ወርሰኸው ላይሆንም ይችላል። ወንዶችም ይወርሱታል፣ ለሴት ልጆቻቸውም ሊያስተላልፉት ይችላሉ፤ ስለዚህ ነው የጻፍኩልህ። መመርመር ብትፈልግ ከዚህ ጋር ያለውን ወረቀት ለሐኪም አሳየው። ባትፈልግም ውሳኔው ያንተ ነው፤ አልቀየምህም። ለእማማ ከመንገርህ በፊት ግን አስቀድመህ ደውልልኝ።»

ደብዳቤው ውስጥ «ወንዶችም ይወርሱታል» የሚለው ዐረፍተ ነገር መዘለል የለበትም። የጡት ካንሰር ስለ ተባለ ብቻ ጉዳዩ የሴቶች ነው ብለው የሚቀመጡ ወንድሞችና አባቶች ብዙ ናቸው፤ ለውጡ በእነርሱ በኩል ሳይታወቅ ወደ ሴት ልጆቻቸው ይሻገራል። በተለይ ቢ.አር.ሲ.ኤ. 2 ለወንዶቹ ለራሳቸውም የፕሮስቴትና የጡት ካንሰር አደጋን ይጨምራል።

አብሮ የሚላከው ወረቀት ደግሞ የዘረመሉን ስምና የተገኘውን ለውጥ ትክክለኛ የላቦራቶሪ አጻጻፍ የያዘ፣ ታካሚዋ በፊርማዋ የፈቀደችው ቅጂ መሆን አለበት። ይህ ካለ የዘመዱ ላቦራቶሪ የሚፈልገው ያን አንድ ለውጥ ብቻ ይሆናል፤ ምርመራው ፈጣንና ርካሽ ይሆናል፣ «የለም» የሚለው መልስም በእርግጥ የለም ማለት ይሆናል። ይህ ወረቀት ከሌለ ግን ዘረመሎቹን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር መፈተሽ ያስፈልጋል፤ በዚህ መንገድ የተገኘው «ምንም አልታየም» የሚለው መልስም እህቱ ላይ የተገኘውን ለውጥ እርሱ አልወረሰም ለማለት ላያስደፍር ይችላል።